መዛኙና ያበጠው ባትሪ

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲመዝን የኖረ ሰው እብጠትን አይቶ አይለይም ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኛም ጎረቤቶቹ አልጠረጠርንም ነበር። ሰፈሩ «ሚዛኑ» እያለ የሚጠራው ይህ ሰው የእህል መጋዘን መዛኝ ነው። ጆንያው ገና ከመኪና ሳይወርድ በዓይኑ ገርምሞ «ሦስት ኪሎ ይጎድለዋል» ይላል፤ ሲመዘንም ሦስት ኪሎ ይጎድለዋል። ስንቱን ቦርጫም ነጋዴ፣ ስንቱን «እኔ ቃሌ ሚዛኔ ነው» ባይ ከነጆንያው አሳፍሮ መልሷል! ቤቱም ገብቶ አያርፍም። ሐብሐብ ይመዝናል፤ ጫማ ይመዝናል፤ የመጣለትን ደብዳቤ ሳይከፍት መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ቀላል ነው፣ ደህና ወሬ የለውም» ይላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ አውሮፕላን ሠራ። የሰው ማጓጓዣ አይደለም፣ አትደንግጡ። ክንፉ የመጥረጊያ እንጨት የሚያህል፣ ከፎምና ከስስ ጣውላ የተሠራ፣ ከምድር ሆነው በሪሞት የሚያበሩት ነው። አራት ዓመት ፈጀበት። እያንዳንዷን ቁራጭ እየመዘነ ስለሠራት፣ አውሮፕላኗ ላይ ያልተመዘነ ነገር ቢኖር የእሱ ኩራት ብቻ ነው። ስትበር ያየን ሁሉ አፋችንን ከፍተን ቀርተናል። ሚስቱ ግን አንድም ቀን አላየቻትም። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እሱ እሑድ ሜዳ ሲወጣ እሷ ተረኛ ትሆናለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለዋለች፤ እሱም የልብ አውቃ እንደሌለው ሰው ይተክዛል።

መዓቱ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሚስቱ አንሶላ ልታወጣ የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ሳበች፤ አልሳብ አላት። ስትታገል፣ ስትታገል፣ ተከፈተላት። በሰላማዊው አንሶላ መካከል ሰርጎ ገብ ተኝቷል፤ የአውሮፕላኗ ባትሪ፣ ጎኖቹ እንደ ትራስ ተነፍተው!

«አንተ ሰውዬ! ና እስቲ ወዲህ!»

መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባትሪ።»

«ባትሪ መሆኑንማ አየሁ። ለምን አበጠ?»

«አላበጠም» አለ ሚዛኑ፣ ፍጹም በሆነ መረጋጋት። «እኔም ባለፈው ሳምንት ወፈር ያለ መስሎኝ መዘንኩት። አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ግራም። የተገዛ ዕለትም አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ግራም። አንዲት ግራም ያልጨመረ ነገር እንዴት ብሎ ያብጣል?»

እንግዲህ ይህን የመሰለ ማስረጃ የሚያቀርብ ጭንቅላት ሊገኝ የሚችለው በመዛኞች ጎራ ውስጥ ብቻ ነው። ባትሪው ድፍን ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ሲበላሽ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ሆዱን ይነፋዋል። ክብደቱ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ስትወጉት ወይ ቻርጅ ስታደርጉት፣ ቦግ!

ሚስቱ ባትሪውን አየች፤ እሱን አየች። «ሬሳም እኮ የሞተ ዕለት ክብደቱ አይቀንስም» አለች። «እኔ በእሳት የተቃጠለ ሰው ቁስል የማጥብ ሴት፣ ራሴ ባነጠፍኩት አንሶላ ውስጥ ፈንጂ አቅፌ ልተኛ?»

ጓንቷን አጠለቀች። ባትሪውን እንደ ተላላፊ ሕመምተኛ በሁለት እጇ ይዛ፣ ግቢው ውስጥ ከግድግዳም ከእንጨትም አርቃ፣ አሸዋ ያለበት የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ለብቻው አስተኛችው። ላዩንም አሸዋ አለበሰችው። ከዚያ ፍርዷን አነበበች።

«እሑድ ዕረፍት ነኝ። እስከዚያ ቤቴን የማያነድ ባትሪ ካመጣህና እኔ ራሴ መርምሬ ካሳለፍኩት፣ አውሮፕላንህ ትቆያለች። ካላመጣህ ሰኞ ጠዋት የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ይወስዳታል።»

«አራት ዓመት እኮ ነው የሠራኋት!»

«እኔን ካገባህ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው። ማንኛችን እንከብዳለን?»

ይህ ለመዛኝ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። እሱም አንዴ ሊሳሳት ነበር፤ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ፊቷን አይቶ ግን ዘጋው።

ረቡዕ ከሥራ እንደወጣ የኪስ ሚዛኑን ይዞ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወረደ። ሱቆቹ ሁሉ ያሸበርቃሉ፤ ባትሪው ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው፤ ሻጩ ሁሉ በእናቱ ይምላል። አንዱ ክራባት ያሰረ ሻጭ ከመደርደሪያው የሚያብረቀርቅ ባትሪ አወረደለት። ጽሑፉ የሚይዘው ኃይል አምስት ሺህ ነው ይላል፤ ከአሮጌው ሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄንን ካስገቡበት አውሮፕላንዎ አይመለስም! ደመና ላይ አድሮ ነው የሚመጣ!»

ሚዛኑ ከኪሱ ሚዛኗን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ባትሪውን ጫነባት። አንድ መቶ አርባ።

«ልጄ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «የእኔ አሮጌ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ነው የሚለው፤ መቶ ሰማንያ ስድስት ይመዝናል። ያንተ አምስት ሺህ ነው ይላል፤ መቶ አርባ ይመዝናል። ጉልበቱን ከየት አመጣው? ከጸሎት ነው?»

«ጋሼ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፤ ቀሎ ነው የሚመጣው!»

«ቀሎ የሚመጣማ ውሸት ነው።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ገዢ ሁሉ ሳቀ። እናንት ባለ ክራባቶች ሆይ! እህልን በውሃ አርሳችሁ ስትሸጡ የያዛችሁ ሰው ባትሪ ላይ የሚለቃችሁ መሰላችሁ? ሚዛኑ ከዚያ ወጥቶ ሁለት ሱቅ ገባ፤ ሁለቱንም በዚያችው ሚዛን አዋረደ። በደስታ ሰከረ። ለሚስቱ ባትሪ መፈለጉን ትቶ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ውሸታም ማጋለጥ ጀመረ፤ ከኋላው አሥር ያህል ሥራ ፈት እያጨበጨበ ይከተለዋል። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ምን ልሥራ?

ባለ ክራባቱ ግን ቀላል ሰው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ሚዛኑ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ጠራው።

«ጋሼ፣ ትናንት አሳፍረውኛል፤ አልቀየምም። ለእርስዎ ብዬ ከመጋዘን እውነተኛውን አስመጣሁ። ይመዝኑት!»

በጠንካራ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቁጥሩም ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ባትሪ ነው። ተመዘነ። አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት። ሚዛኑ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምንም ሳይጠይቅ ገዝቶ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ቤቱ በረረ።

«መቶ ሰማንያ ስድስት!» አለ በሩን እንደከፈተ።

«ልክ መቶ ሰማንያ ስድስት?» አለች ሚስቱ። «እኔ ባዋለድኩበት ዘመን ሁሉ መንታ እንኳ እኩል ሲመዝን አላየሁም። ለመሆኑ የአሮጌውን ክብደት ለሻጩ ማን ነገረው?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የነገረው እሱ ራሱ ነው።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ትኩሳት የለውም። ጎኖቹን ተጫነች፤ እብጠት የለውም። አሸተተችው፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ከዚያ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ሚዛኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገች፤ የልብ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጫፉን ባትሪው ላይ አሳረፈችና ወደ ግራ አዘነበለችው። ወደ ቀኝ አዘነበለችው።

«ተንፍስ» አለችው ባትሪውን። አዳመጠች። «ይሄ ሕመምተኛ ደረቱ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ።»

«ስጪኝ እስቲ።» ሰማ። ሽሽሽ ይላል። ፊቱ ከሰል መሰለ።

አርብ ዕለት ባልና ሚስት ባትሪውን ይዘው የጤና ጣቢያው ዕቃ መጠገኛ ክፍል ገቡ። ጠጋኟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አጭር ሴት ናት፤ በተፈታቱ የኦክስጅን ማሽኖች መካከል ትሠራለች። «ቤታችሁ እንዳትሞክሩት» ብላ፣ በመሣሪያዋ ቀስ አድርጋ የፕላስቲኩን ሽፋን ብቻ ከፈተች። እያንዳንዳቸው ጣት የማያህሉ ሦስት ሚጢጢ ባትሪዎች ታዩ። የቀረው ቦታ ሁሉ አሸዋ ነው። ደህና ተደርጎ የተነፋ፣ ንጹሕ፣ የግንባታ አሸዋ።

ጠጋኟ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሲስተር፣ ባለቤትሽ ኪሎ ጠየቀ፣ ኪሎ ሰጡት!»

በሚዛኑ ላይ የወረደው ኀዘን ይህ ነው አይባልም። ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ጨምረው ሊያታልሉት የሞከሩትን ሁሉ የያዘ ሰው፣ አሸዋ በደረቱ አቅፎ መንገድ አቋርጧል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ጠጋኟ ግን አዘነችለት። «ሚዛንህ አልዋሸህም፤ ቀላሉን ውሸታም ይዞልሃል። ከባዱን ለመያዝ ሌላ መጠየቅ ነበረብህ። አሮጌው ውስጡ ስንት ሴል፣ ስንት ትንሽ ባትሪ አለው?»

«ሦስት።»

«አዲሱም ሦስት ይሁን፤ አንድ እንዳትጨምር። ማያያዣው ያው ይሁን፤ አዎንታዊና አሉታዊው እንዳይገለበጥ። ቻርጀርህስ?»

ከቦርሳው አወጣው። ጠጋኟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችውና ወዲያው መልሳ ሰቀለችው፤ ዓይኗ እንዳይቆሽሽ ይመስላል።

«ገዳዩ ተገኘ! ይሄ ሦስቱን ሴል እኩል አይመግብም። አንዱ እየተራበ ሌላውን ከጠገበ በኋላም ያጎርሰዋል። ቁንጣን ነው ያሳበጠው።»

«ሰማህ?» አለች ሚስቱ። «በምግብ ነው የገደልከው።»

ጠጋኟ ራሷ ለጤና ጣቢያው ወደምትገዛበት ሱቅ ወሰደቻቸው። ሱቁ መብራት የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ ባለቤቱ ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊቱን ያጣመመ ሽማግሌ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ባትሪውን መፈተኛ ላይ ሰካው፤ የሦስቱን ሴሎች ቁጥር አሳየ፤ ሦስቱ እኩል ናቸው። የተሠራበትን ቀን በጣቱ ጠቆመ። እኩል የሚመግብ ቻርጀርም ጨመረላቸው። በእናቱ አልማለም። ሚዛኑ እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ ሚስቱ አየችው።

«መዝን እንግዲህ፤ አምሮህ አይቅር።»

አንድ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። «ሦስት ግራም ይበልጣል» አለ፣ ሚዛኗን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «እውነተኛ ነው።»

ያበጠውንም ባትሪ በኋላ ከቤት ከነባልዲው አምጥተው ለሽማግሌው አስረከቡት፤ የተጣሉ ባትሪዎች የሚሰበስብ ድርጅት በየጊዜው እየመጣ ይወስድለታል።

ቅዳሜ የቻርጅ ቀን ሆነ። ግቢው ሲሚንቶ ላይ የሸክላ ድስት ተቀመጠ፤ ድስቱ ውስጥ ባትሪው፤ አጠገቡ ሌላ ባልዲ አሸዋ። የባለ ክራባቱም አሸዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐቀኛ ሥራ አገኘ፤ ባልዲው ውስጥ ተጨመረ። ሚስቱ በየአሥር ደቂቃው ቴርሞሜትር እያስጠጋች በሕመምተኛ መዝገብ ላይ ጻፈች። «ትኩሳት የለም። እብጠት የለም። ሽታ የለም። ተረጋግቷል።» ሚዛኑ ሽንት ቤት ልሂድ ሲል እንኳ «ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ብቻውን አይተውም» ብላ ተራ ጠበቀችለት።

እሑድ ሣር ያጣው የኳስ ሜዳ ላይ ወጡ። እኛም ሰፈሩ ወጣን፤ እንዲህ ያለ ፍርድ በየቀኑ አይገኝም። ሚዛኑ ሪሞቱን በግራ ይዞ አውሮፕላኗን በቀኝ ወረወራት። አንዴ ደንገጥ ብላ ወደ ምድር አዘቀዘቀች፤ ከዚያ ቀና አለችና ሽቅብ!

«ውይ!» አለች ሚስቱ። ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ። አውሮፕላኗ ከጣሪያዎቹ በላይ ዞረች፤ ተገለበጠች፤ ተመለሰች። ነርሷ ከሆዷ ሳቀች፤ አንድም ሕመምተኛ ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ።

«አምጣው።»

«ምኑን?»

«ሪሞቱን ነዋ!»

አራት ዓመቱን በእጇ አስቀመጠላት። አውሮፕላኗ ወዲያው አፍንጫዋን ደፋች፤ ሰው ሁሉ ተጎነበሰ፤ እሷ ግን እየጮኸች በጎሉ ቋሚዎች መካከል አሳልፋ መልሳ ሰማይ ላይ ሰቀለቻት። «ጎል!» አለ ሜዳው። አበደች። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ባትሪው ሲዳከም የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ከላይ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ።

«አሳርፊያት!»

«ገና ነው፤ አንድ ዙር!»

«አንቺ ሴት፣ አሟጠሽ ከተጠቀምሽበት ይበላሻል፣ ያብጣል!»

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሽ ስትጨቀጭቂኝ የሰነበትሽው!»

ሪሞቱን እየተናነቁ አሳረፏት። ሚስቱ ከሁላችን ቀድማ ሮጠች፤ ባትሪውን አውጥታ በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር አወጣች። ሚዛኑ በሰው መካከል ተጋፍቶ ደረሰ።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች። «ለሰው ትኩሳት ነው። ለሥራ ለተመለሰ ባትሪ ግን ጤና ነው። አልፏል።»

«እና አውሮፕላኗ?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትግባ፤ አንሶላው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ባትሪው ግን ከድስቱ ውጭ አያድርም። ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገናል፤ ይሄ ቶሎ አለቀብኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አውሮፕላኗን ተሸክማ ከፊት የምትሄደው እሷ ነበረች። እሱ ቦርሳዋን በክርኑ አንጠልጥሎ ከኋላ ይከተላል። ትንሽ እንደሄዱ ቦርሳውን ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ።

«ዝም ብለህ ተሸከም» አለችው።