ምንጣፍ ላይ የወለቀ የብረት ጫማ

ዘሀራ የሐይቅ ልጅ ናት፤ የወሎዋ ሐይቅ። ጅዳ ሰው ቤት ገብታ ሁለት ዓመቷን ልትጨርስ፣ ትኬቷም ተቆርጦ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ መካን ገና አላየቻትም። ከጅዳ መካ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማዳሟ ከነቤተሰቧ ለዑምራ ጸሎት መካ በሄደች ቁጥር ግን «ዘሀራ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ» ነው ነገሩ። ቤቱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል።

ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አምና እናቷ በስልክ «ከዕባው ጋ ቆመሽ ዱዓ አደረግሽልኝ?» ብላ ስትጠይቃት፣ አፏ ቀደማትና «አዎ እማ» አለቻት። እናት ደስ ብሏት ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት በደወለች ቁጥር ያቺ ውሸት እንዳትነሣባት ወሬውን ወደ ሌላ ታዞራለች። ያፈረችበትን ነገር እውነት ሳታደርገው እናቷ ፊት መቆም አልፈለገችም።

የማዳም ልጅ ሱረያ ሃያ ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ሥራዋ ቴሌቪዥን ፊት ተዘርፍጣ ጌም መጫወት ነው፤ ጎራዴ፣ ድግምት፣ ዘንዶ ያለበት የድሮ ዘመን ጌም። ፈተና ሲደርስባት መጫወቻውን ለዘሀራ ትሰጣትና «የመድኃኒት ቅጠል ልቀሚልኝ» ትላታለች። ጉድ እኮ ነው፤ ዘሀራ ጌም ውስጥም ገብታ ተቀጠረች። እየለቀመች ግን ጨዋታውን ለመደችው።

እዚያ ጌም ውስጥ የጦር ልብስ ሁለት ዓይነት ነው። ከባዱ የብረት ነው፤ ቀስት አያስገባም፣ ግን ያደክማል፣ ሲራመዱበትም ይንኳኳል። ቀላሉ የቆዳ ነው፤ ኮሽታ የለውም፣ ያስሮጣል፣ ግን ሁለት ቀስት ካገኘሽ ኸላስ፣ አለቀልሽ። ከራስ ቁር እስከ ጫማ አንድ ዓይነት ለለበሰ ጌሙ ተጨማሪ መከላከያ ይመርቅለታል። የቀላቀለ ምርቃቱን ያጣል። ሱረያ ቀላቅሎ የሚለብስ ሰው ሞኝ ነው ባይ ናት። ዘሀራም ነገሩ ገብቷት «እኛ አገር ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል» ብላታለች።

ሱረያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አዳራሽ አላሳልፍ አላት። መሐሉ ላይ ግዙፍ አውሬ ተኝቷል፤ ግድግዳው ሰው በተራመደ ቁጥር ቀስት ይተፋል። ብረት ለብሳ ስትገባ ኮቴዋ አውሬውን ይቀሰቅሰዋል። ቆዳ ለብሳ ስትገባ ቀስቱ ይጨርሳታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተናዳ መጫወቻውን ሶፋ ላይ ወረወረችው።

«ይኼን አዳራሽ ያሳለፈኝ ሰው የጠየቀኝን አደርግለታለሁ» አለች።

ዘሀራ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። «ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን።»

ሻዩን አስቀመጠችና መጫወቻውን አነሣች። ሱረያ ያለበሰችውን ሙሉ ብረት እንደለበሰ የጌሙን ወታደር ይዛ በሩን ከፈተችው። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። እንግዲህ ሁለት ዓመት ምንጣፍ ስታጥብ የኖረች ሴት ምን ታድርግ? ቆም አለችና የብረት ጫማውን አስወልቃ፣ ቅጠል ስትለቅም የምታደርግለትን የቆዳ ጫማ አደረገችለት።

«ምን እየሠራሽ ነው? ምርቃቱ ጠፋ እኮ!»

«ምንጣፍ ነው» አለች ዘሀራ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ።

ቀስቱ መጣ። ደረቱ ላይ ያለው ብረት እየመለሰው፣ ያመለጠውም እያቆሰለው ወታደሩ ሄደ። አውሬው አንዴ ተገላበጠና መልሶ ተኛ፤ ለካ ያ ሁሉ ኳኳታ የጫማው ኖሯል። ወታደሩ ነፍሱ በአፍንጫው ልትወጣ ስትል የማዶው በር ተከፈተ።

ሱረያ ከሶፋው ዘላ ተነሣች። «ምን ልስጥሽ? ስልክ?»

«መካ ውሰጂኝ።»

«አይተሻት አታውቂም?» አለች ሱረያ። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ይኼን አለማወቋ አሳፈራት፤ ፊቷ ቀላ። ማታ ማዳም «ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?» ስትል፣ «ቁልፍ አለው። ዘሀራ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ብላ አረፈችው። ማዳም ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ።

ዘሀራ ዑምራዋን ፈጽማ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሚስፈላ በሚባለው የመካ ሰፈር ከአንድ ሱቅ በር ጥግ ይዛ፣ ጫማዋን የያዘውን ፌስታል እንዳንጠለጠለች፣ ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ከዕባው ጋ ቆሜ ዱዓ አደረግኩልሽ።»

«አምና አድርገሽልኝ የለ?»

«አምና ዋሽቼሽ ነው።»

እናት ለመመለስ አልቆየችም። «አውቃለሁ። ያኔ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ደረቅ ነበር፤ ከዚያ ቆሞ የመጣ ሰው እንዲያ አያወራም።»

«ታዲያ ለምን ለሰፈሩ ሁሉ አወራሽ?»

«እንዲያደርስሽ ብዬ ነዋ። ‹አላህ ደግሞ ያድርሳት› እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ አሚን ሳሰኝልሽ ነው የከረምኩት።»