መሳቢያዬ ውስጥ የከረመው ፓስፖርት

የጎልፍ ዱላ በእጄ ይዤ አላውቅም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ፣ ዐረብ አገር፣ አል ዛሂያ የሚባል ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ የጉዞ ቢሮ ተቀምጬ፣ ለጎልፍ ሰዎች ሽርሽር ስሸጥ ኖሬአለሁ። የቱ ሜዳ ሣሩ እንደሚያምር፣ የቱ ወንዝ ዳር እንዳለ፣ የትኛው አገር ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ጠይቁኝ፤ በቃሌ እወጣዋለሁ። ምን ያደርግልኛል!

ደንበኛ ሁሉ ታይላንድ ነው የሚለው። ላኦስ የሚባል አገር መኖሩን የማያውቀው ይበዛል። አለቃዬ «ላኦስን የሸጠ ነው ጎበዝ» እያለ ስለሚያበሽቀኝ እልህ ይዞኝ ነበር። በመጨረሻ የገዛኝ የእህቴ አሠሪ ነው። ታናሽ እህቴ አል ዓይን ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር፣ አንድ ቤት ልጆች ትይዛለች። አባወራው ጎልፍ ወዳድ መሆኑን ስታይ «ወንድሜ እኮ ሥራው ይኼው ነው» ብላ ስልኬን ሰጠችው። ለእኔ ብላ ነው። እኔም ሸጥኩለት፤ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ ከነቤተሰቡ። የዚያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የአባወራው ሚስት፣ ማዳም፣ ደወለች። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ እህትህም አብራን ትሂድ፣ ቪዛዋን ጨርስልን አለችኝና ፓስፖርቷን በሹፌር ላከችው። ቀኑን ሳየው የእህቴ ፈቃድ የሚጀምርበት ነው፤ ሁለት ዓመት የጠበቀችው፣ እናታችን ጋ ደሴ የምትሄድበት። ስነግራት «አብሽር ጋሼ፣ ስመለስ እሄዳለሁ» አለችኝ። አጽናኟ እሷ ሆነች።

በማግሥቱ አክስታችን ከደሴ ደወለች። እናታችን ከተኛች ሰንብታለች፣ ሐኪሞቹም ቤት ውሰዷት ብለዋል።

«ልጅቷን ላክልኝ እያለች ነው» አለችኝ። «አንዴ ዓይኗን ልየው፣ ሌላ አልልም ትላለች።»

እኛ ዘንድ ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። ብቻዋን ናት፣ ማን ይዟት ታለቅሳለች ይባላል፤ ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ተማክሮ ይዋሻል። እኔም ለእህቴ «ትንሽ ጉንፋን ነው፣ ተሽሏታል» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ! አክስቴንም እንዲሁ እንድትል አስጠናኋት። ግን ለእህቴ አዝኜ ብቻ አይደለም። ጉዞው እንዳይፈርስብኝ ፈርቼ ነው። እሷ ከቀረች ማዳም ትቀራለች፣ ማዳም ከቀረች ባልየው ይቀራል፣ አለቃዬ ይስቅብኛል። ጉዞው ይፈርሳል ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ሐበሾች ስንገናኝ ሥራችን ካፊልን፣ ቪዛችንን የያዘውን አሠሪ፣ መርገም ነው፤ ፓስፖርታችንን ያዘው፣ እንደ ከብት አሠረን እያልን። ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ያን ሳምንት የእህቴ ፓስፖርት ያለው ግን እኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ከስቴፕለሩ አጠገብ ነው። ትኬት መቁረጥ ደግሞ እንጀራዬ ነው። ለማዳም አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር የቀረኝ። መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በአምስተኛው ቀን የላኦስ ቪዛ አስመትቼ መለስኩላቸው።

ከዚያ እህቴ ከላኦስ ቪዲዮ ትልክልኝ ጀመር። አረንጓዴ ሜዳ፣ ከኋላው ሰፊ ቡናማ ወንዝ፤ አባወራው ሲመታ ኳሷ ውኃው ውስጥ ትገባለች፣ ልጆቹ ይንከተከታሉ። እሷም ከስልኩ ጀርባ ሆና ትስቃለች። «ጋሼ፣ የሸጥክለትን ወንዝ በኳስ ሞላው እኮ! እማዬስ እንዴት አደረች?»

«ደኅና ናት» ብዬ ጻፍኩ። እማዬ የዚያን ቀን ጠዋት ተቀብራ ነበር።

በተመለሱ በማግሥቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ አል ዓይን ወረድኩ። መርዶ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌዎችም አብረው ይገባሉ። እኔ ማን አለኝና! ብቻዬን የማድቤቱን በር አንኳኳሁ። እህቴ በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በር ላይ ቆሜ ስታየኝ የአገሯን ደንብ ታውቃለችና ምንም ሳልናገር ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። እጇ ላይ ሻሽ ነበር፤ ለእማዬ ከላኦስ ያመጣችው፣ ገና ከሻንጣዋ ያወጣችው።

«መቼ?»

«እዚያ እያላችሁ።»

ማዳም ለቅሶ ሰምታ መጣች። በዐረብኛ ነገርኳት፤ መታመሟን፣ ልጅቷን ላኩልኝ ማለቷን፣ ሁሉንም። ራሷን ያዘች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። «የራሴ እህት ልጆቹን እኔ ልያዝልሽ፣ ውሰጂኝ ብላ ስትለምነኝ ነበር። ወላሂ የዚያኑ ቀን እልካት ነበር። ፓስፖርቷ እኮ አንተ ጋ ነው የከረመው!»

እህቴ ዐረብኛው ይገባታል። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ጋ ነበር እንዴ?» አለች። «ማዳም ቆልፋበት መስሎኝ እኮ ነው ፈርቼ ዝም ያልኩት። ልቤ ሂጂ ሂጂ ይለኝ ነበር። የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ቢሮ… መሳቢያዬ ውስጥ።»

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሻሹን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመች፣ ቀስ ብላ አጠፈችው። ከዚያ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«እንካ» አለችኝ፤ «እዚያው አስቀምጥልኝ።»