«በመልክ አውቀዋለሁ» ያለኝ ጓደኛዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ወደ ወልድያ በተጠጋበት ሰሞን ነው። ከእኔ የባሰ ያየ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልጁን የቀበረ ሰው ባለበት አገር ስለ አንድ ጊታርና ስለ አንድ ጓደኛ ማውራት ያሳፍር ይሆናል። ግን ባስታወስኩት ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ሲሳይ እባላለሁ፤ ወልድያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትውልዴ ቆቦ ነው፤ ያኔ ወልድያ ከገባሁ ግን አሥራ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሙዚቀኛ ለጊታሩ የጨርቅ ማኅደር እንድሰፋለት መጣ። ልኩን ለመውሰድ ሳገላብጠው እንጨቱ እንዴት እንደዚያ እንደታጠፈ ገረመኝ። ማኅደሩን ሰፍቼ ሰጠሁት፤ ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በረንዳዬ ላይ ጊታር መሥራት ጀመርኩ። ልሸጠው ብዬ አይደለም። የመጀመሪያው ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ላይ ጎኑን በጋለ ቱቦ ሳጥፍ ሳልሰብረው መጨረስ ቻልኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ዳምጠው የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። የመርሳ ልጅ ነው፤ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቀጥታ እኛ ቤት ነው የሚመጣው። እኔ እንጨቱን ሳጥፍ ሌላውን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ይውላል። ቫርኒሽ ስቀባም «ቀስ፣ ቀስ፣ እዚህ ጋ ወፈረብህ» ይለኛል። ባለቤቴ ብርቱካን ከሩቅ ስታየው «ጣውንቴ መጣ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አራተኛውን ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ከተማው ተናወጠ። ዳምጠው ከእኛ ቀድሞ መርሳ ቤተሰቦቹ ጋ ወረደ። እኛም ደሴ የብርቱካን እህት ዘንድ ለመሄድ ኢሱዙ ላይ ተሳፈርን። የሦስት ዓመት ልጃችንን፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ያዝን። ብርድ ልብሱ ውስጥ አራተኛውን ጊታር ጠቅልዬዋለሁ። ብርቱካን ስታየው «ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ አንተ እንጨት!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክር እንኳ አልነበረውም። ግን ሰባት ወር የለፋሁበትን ነገር ጥዬ መሄድ አቃተኝ።

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ናቸው፤ ገሚሱ ጠመንጃ፣ ገሚሱ ዱላ ይዟል። አንዱ መታወቂያዬን ተቀብሎ የትውልድ ቦታዬን አነበበ።

«ቆቦ? ቆቦ ተይዟል እኮ። አንተ እንዴት ወጣህ?»

የወልድያ ነዋሪ መሆኔን ላስረዳው ሞከርኩ። አልሰማኝም፤ ሻንጣዬን መሬት ላይ ዘረገፈው። ጥቅል የጊታር ክር ወጣ። የነሐስ ሽቦ ወጣ። ከሁሉ የከፋው ደብተሬ ነበር። በጊታሩ አንገት ላይ ሽቦዎቹ የሚቀበሩበት ርቀት በሚሊ ሜትር ተጽፎበታል፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው።

«ይሄ የምን ቁጥር ነው?»

«የጊታር አንገት ልክ ነው።»

«ጊታር በቁጥር ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለና ሁሉም ሳቁ። ወዲያው ግን አንደኛው ሳቁን አቆመና «የቦታ ምልክት ነው፤ ለመድፍ የሚልኩት» አለ።

ቀና ስል ዳምጠውን አየሁት። ከኬላው አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ስም ይመዘግባል። የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም። «ዳምጠው! እሱን ጠይቁት፣ እሱ ያውቀኛል!» ብዬ ጮኽኩ።

ልጁ ደብተሩን ይዞ ሄደ። «ጋሽ ዳምጠው፣ ያውቁታል?»

ዳምጠው እኔን አየኝ። ደብተሩንም አየ። ቁጥሮቹን አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ እኔ እየለካሁ የጻፋቸው እሱ ራሱ ነው።

«በመልክ አውቀዋለሁ» አለ። «ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም።»

ቃል በቃል ይህን ነው ያለው። «የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው!» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። እሱንም አብረው ይይዙታል ብዬ ፈራሁለት። እኔ ለእሱ ፈራሁለት!

ከዚያ ጊታሩን ከብርድ ልብሱ አወጡት። አንዱ ሲነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ኳ ኳ አለ። «ነገር አለበት!» ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ መታው። ከውስጡ የወደቀችው ጣት የማታክል የእንጨት ቁራጭ ነበረች።

እኔን አንለቅም ስላሉ የኢሱዙው ሾፌር አልጠብቅም አለ። ብርቱካን ልትወርድ ስትል «ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ!» ብዬ ተቆጣኋት። ልጄ «አባዬ» እያለች መኪናው ሄደ።

መንገድ ዳር ባለ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። በሩ ስንጥቅ ነበረው። በስንጥቁ ዳምጠው ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። አንዴም አልዞረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግራና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ሽማግሌ መጡ። አባባ ይማም ይሏቸዋል። የኬላው አለቃ የእህታቸው ልጅ ስለሆነ ለእሱና ለጓደኞቹ ንፍሮ ይዘው ነው የመጡት። ልጆቹ የተሰበረውን ጊታር ሊያነዱት በሩ ላይ ጥለውት ነበር። ሽማግሌው አንዱን ስባሪ አንስተው ሲያገላብጡት፣ በጣታቸውም ሲያንኳኩት አየሁ።

«የማነው ይሄ?» አሉ።

«የእሱ ነው አባባ፤ አይጠጉት፣ ሰላይ ነው።»

ወደ በሩ ቀረቡ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን በምን ላግከው?»

«መጀመሪያ በመላጊያ፣ መጨረሻ ላይ በመስታወት ስባሪ ፋቅኩት» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ታላቅ ወንድሜ ክራር ይሠራ ነበር። እሱም በመስታወት ነበር የሚፍቀው።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እንጨት እንዲህ እስኪሳሳ የሚፍቅ ሰው ድምፅ ሲፈልግ ነው። ወላሂ ይሄ ሰላይ አይደለም። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ክፉ ነገር ከተገኘበት ግራና መጥታችሁ እኔን ያዙኝ።»

ልጆቹ ተያዩ። አለቃው ትንሽ አንገራገረ፤ አጎቱ ግን ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። በመጨረሻ ከፈቱልኝ። ሽማግሌው ንፍሮ በመዳፌ ሞልተው ሰጡኝና «አብሽር ልጄ፣ ቶሎ ሂድ» አሉኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

ውጫሌ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ መኪና ለምኜ በሦስተኛው ቀን ደሴ ገባሁ። የብርቱካን እህት በር ላይ ስደርስ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ተፈናቃይ «ኬላ ላይ ረሽነውታል» ብሏት ባለቤቴ ጥቁር ለብሳ ለእኔ ለቅሶ ተቀምጣለች። ስታየኝ ጮኻ ወደቀች። ልጄ ደግሞ ፈርታኝ ከአክስቷ ጀርባ ተደበቀች።

ጊዜው አልፎ ወደ ወልድያ ስንመለስ ቤታችን ተዘርፏል። ሌሎቹንም ጊታሮች ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም። ጦርነት ነው አልኩና ተውኩት። ዳምጠውም ተመልሷል። ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል፤ ያፍራል ማለት ነው ብዬ እሱንም ተውኩት።

አምና ግን አንድ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ዳምጠው ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለ፦ «ሲሳይን እኮ ያተረፍኩት እኔ ነኝ! ያኔ ኬላ ላይ ‹በመልክ አውቀዋለሁ› ባልል ኖሮ እዚያው ይደፉት ነበር።»

አጠገቤ የተቀመጡት ትከሻዬን እየመቱ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። ሳህኔን አስቀመጥኩና ተነሳሁ። «ውሸት ነው! እኔን ያተረፉኝ አባባ ይማም የሚባሉ የግራና ሰው ናቸው። አንተ አሳልፈህ ነው የሰጠኸኝ!» አልኩት። የሙሽራው አጎት ክንዴን ይዘው ድግስ እንዳልበጠብጥ ለመኑኝ። ወጥቼ ሄድኩ። ብርቱካን ልጅቷን አቅፋ ተከተለችኝ።

ባለፈው ወር ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቤቴ መጡ። «ጊዜው ነው እንጂ እሱ አይደለም» አሉኝ። ፍርሃቱን ይቅር ካልኩት መቆየቴን ነገርኳቸው፤ እኔም ፈርቼ ነበርና። ይቅር ያላልኩት ውሸቱን ነው። ሠርጉ ላይ ለነበሩት ሰዎች እውነቱን ይንገራቸው፤ በዚያው ቀን እንታረቃለን አልኩ። ሄደው ነገሩት። «ራሴን በሰው ፊት አላዋርድም» ብሎ መለሳቸው።

ንስሐ አባቴ ቂም እንዳልይዝ ይመክሩኛል። ልክ ናቸው። ግን «ጦርነት እኮ ነው» ሲሉኝ ይብስብኛል። ጦርነት ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ ዳምጠውን ዛሬ የሚያስዋሸው ግን ጦርነቱ አይደለም። አሁንም በየድግሱና በየለቅሶው ያንን ወሬ እያወራ ነው። እሱ እስካወራ ድረስ እኔም በደረስኩበት ሁሉ የሆነውን እናገራለሁ። ለእናንተም ይኸው ነገርኳችሁ።