ከማማው ላይ ድምፄ የጠፋ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ፣ በቆሎ እሸት ባፈራበት ሰሞን ነው። ቦታው ከጂንካ ከተማ ወጣ ብሎ ጫካው ሥር ያለ ማሳ ነው። አሁን አሁን ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ መነጽሬን አናቴ ላይ አድርጌ ቤት ሙሉ እፈልጋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ልጸልይ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴም ሆዴን ያባባዋል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የአጻጻፌን ጉድለት እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

አናጢ ነበርኩ። ደርግ የወደቀ ሰሞን ከጎፋ ሥራ ፍለጋ ጂንካ መጣሁና በዚያው ቀረሁ። በዚህ ከተማ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንደመታሁ አላውቅም። ያኔ የምጸልየው ጣራ ላይ ሆኜ፣ ምስማር በከንፈሬ ይዤ ነበር። «ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ አንድ ምስማር እመታለሁ፣ ከዚያ ምን ልለው እንደነበር ይጠፋኛል። ግድ የለም፣ ሳረጅ ቁጭ ብዬ በደንብ እጸልያለሁ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እርጅናውም ሳይዘገይ መጣ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሥራዬን ተውኩ።

ቁጭ ብዬ ልጸልይ ስል ግን ቤቴ ገበያ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ በኩል ወፍጮ ቤት አለ። በሌላ በኩል የተከራዮቻችን ቴሌቪዥን አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ገና «አባታችን» ስል አንዱ እግሩ የወለቀ በርጩማ ይዞ ይገባል። «ጋሽ አንጁሎ፣ ይቺን ብቻ ምስማር ይምቱልኝ» ይላል። እንዴት እምቢ ይባላል? ሬዲዮ ደግሞ እወዳለሁ፤ ጸሎት ላይ ሆኜም ዜናው ስንት ሰዓት ነው እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ቀን ቆረጥኩ። ሬዲዮዬን አንስቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። ስልኬን አጥፍቼ ትራስ ሥር ከተትኩት። በማግስቱ ከዲመካ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር በራችንን ደበደበ። ልጄ ዲመካ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የበላሁትን ሳትጠይቅ አትውልም።

«ልጅዎ፣ አባቴ በሕይወት መኖሩን በዓይንህ አይተህ ደውልልኝ ብላኛለች» አለኝ ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች እያየኝ።

ባለቤቴ ዘነበች በሳቅ ፈረሰች። «አንተ ሰውዬ፣ ጸልይ አልንህ እንጂ ተሰወር አልንህ እንዴ?»

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና መሳቂያ ሆንኩ። ያልሳቀችው ታደለች ብቻ ናት። ታደለች የአሪ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿን የምታሳድገው በእጇ አርሳ ነው። አማርኛን ከአሪኛ በኋላ ስለተማረች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ደስ ይላል።

«አንተ ጋሽ አንጁሎ፣ ሰው ሸሽተህ መጸለይ ፈለግህ አሉኝ» አለችኝ እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ።

«ሰውንስ አልሸሽም፤ ጫጫታው ነው» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ሰው ናፈቀኝ። በቆሎና ዝንጀሮ ብቻ ነው የማየው። ና፣ ማማዬ ላይ ውጣ። አንተ እዚያ ጸልይ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ልጸልይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆሎ እሸት ሲያፈራ ዝንጀሮ ከጫካው ይወርዳል። ሰብል ጠባቂው ከማለዳ ጀምሮ ማማው ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ ወንጭፍ ያስወነጭፋል። ጩኸቱ ከተቋረጠ መንጋው ጠባቂ እንደሌለ ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታደለች ወባ ታማ በተኛችበት ወርዶ ማሳዋን ባዶ አድርጎባት ነበር። ያን ዓመት ልጆቿን እንዴት እንዳበላች እኛ የቅርቦቿ እናውቃለን። ደግሞ ከተበላ የምትይዘው የምትጨብጠው አልነበራትም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቿ ከሚተኩላት ከእሁድ ጠዋት በቀር ከማሳው ንቅንቅ አትልም። በየረቡዕ ጠዋት የሴቶች ጸሎት አለ፤ ከማሳዋ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ በሚገኝ የአንዲት እህት ቤት ነው የሚደረገው። ሲዘምሩ ከማማዋ ላይ ሆና ትሰማቸዋለች፣ መሄድ ግን አትችልም።

«እኔ እንደ እናንተ መጮህ እችልበታለሁ ወይ?» አልኳት።

«አንተ ስትጸልይ ሰፈር ሁሉ ይሰማል፤ ዝንጀሮ አይሰማም?»

እውነቷን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ አውጥቶ መጸለይ የተለመደ ነው። የኔ ጉሮሮ ደግሞ ጣራ ላይ ሆኖ መሬት ያለውን ሰው ሲጠራ የኖረ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴንና የውሃ ጀሪካኔን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ማማው አጭር መሰላል አለው፣ ለወገቤ አልከበደም። እዚያ ላይ ወፍጮ የለ፣ ስልክ የለ፣ በርጩማ የለ። ታደለች ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ስትወጣ እንደ ልጃገረድ ነበር የምትፈጥነው። እኔ ለልጆቼ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለታመሙት በየስማቸው እየጮህኩ እጸልያለሁ። ዝንጀሮዎቹም ጫካው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል፣ ግን አይጠጉም።

ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጫጫታውን ሁሉ ጥዬ መጥቼ ሐሳቤ አሁንም አላርፍ አለኝ። ዓይኔ የማማውን ክዳን ያያል፤ ማገሩ ጠማማ ነው፣ ማን ይሆን የሠራው እላለሁ። ይባስ ብሎ የገዛ ድምፄ ይጥመኝ ጀመር። ዳገቱ ላይ ያሉት ሴቶች እየሰሙኝ ነው ብዬ ሳስብ ቃል አሳምራለሁ። በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ ወንጌላዊ መጥቶ በጌታ ፊት ዝም ብሎ ስለመቆየት አስተማረን። ልቤን ነካኝ። ለካ የቀረኝ ጫጫታ የራሴ ነው አልኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ታደለች ከሄደች በኋላ እንደልማዴ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቼ ቀስ በቀስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ከዚያም ዝም አልኩ። ጋቢዬን ከራሴ በላይ ተከናንቤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አላውቅም። ሐሳቤ እንደ ጠገበ ጥጃ ተኛ። የምጠይቀውም አልነበረኝም፣ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

በመሀል ቀሽ፣ ቀሽ የሚል ነገር ሰማሁ። ነፋስ ነው አልኩ። ቀጥሎ አገዳ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። ወንጌላዊው ሐሳብን የሚበትን ነገር ሲመጣ አትከተሉት፣ እለፉት ብሎን ነበር። እኔም፣ ይኸው መጣ፣ ዓይኔን አልገልጥም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ቀጭ ሲል እጸናለሁ። ቀጭ ቀጭ ሲል ይበልጥ እጸናለሁ። በመጨረሻ ከሥሬ የሆነ ነገር ጉሮሮውን የጠረገ መሰለኝ።

ጋቢዬን ገለጥኩ። ከማማው መሰላል ሥር አንድ ትከሻው የወፈረ አውራ ዝንጀሮ ተቀምጦ የበቆሎ እሸት ይሸለቅቃል። እየሸለቀቀ ቀና ብሎ ያየኛል። አሜን እስክል የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከኋላው ማሳው ይንቀሳቀሳል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ግልገል ያዘለችውም ገብታለች።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ወንጭፍ ይዤ አልመጣሁም፤ ለጸሎት የመጣ ሰው ወንጭፍ ምን ያደርጋል? በእጄ ያገኘሁትን ልወረውር ክንዴን ካነሳሁ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴ መሆኑን አይቼ ደነገጥኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ጀሪካኑን አንስቼ ወረወርኩ። መሰላሉን እየደበደበ ሲወርድ አውራው ዘለል ብሎ ራቀ። ያኔ ድምፄ መጣ። የመጣልኝ ግን ጎፍኛ ነው፣ ልጅ ሆኜ ከብት የምመልስበት። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጀሪካኑን በዱላ እየደበደብኩ በበቆሎው መሀል ሮጥኩ። ከጎን ማሳ ያሉ ጠባቂዎችም ሰምተው እየጮኹ ደረሱልኝ። መንጋው በታች በኩል ወደ ጫካው ገባ። አንዳንዱ በብብቱ እሸት ይዞ ነበር።

ቆሜ ሳለከልክ ታደለች ከዳገቱ ቁልቁል ስትሮጥ አየኋት። ጫማዋ የለም፣ ነጠላዋ የለም። ከኋላዋ ሴቶቹ ይከተላሉ። የዓመቱ እህሏ ነውና መጀመሪያ የምታየው ማሳውን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሷ የተሰበረውን አገዳ ረግጣ አልፋ መጣችና ሁለት ክንዶቼን ያዘች። ፊቴን አየች።

«አለህ? ደህና ነህ?»

«ታደለች፣ በቆሎሽን—»

«በቆሎው ይቅር! አንተ ምን ሆነህ ዝም አልክ?»

«እየጸለይኩ ነበር።»

«ዝም ብለህ?»

«ዝም ብዬ።»

መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ነው የሮጥኩት» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ድምፅህን በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ነው ሁልጊዜ የምጸልየው። ዛሬ ሲጠፋ መጀመሪያ ውሃ እየጠጣ ነው አልኩ። ቆየ። ወድቋል አልኩ። ለዘነበች ምን ብዬ ልነግራት ነው እያልኩ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ነው ተነስታ ማሳዋን ያየችው። በበቆሎው መሀል እየሄደች አገዳውን በእጇ ትነካለች። እኔ ከኋላዋ እከተላለሁ። ጫካው ጠርዝ ያለው ተበልቷል። መሀሉና የላይኛው ግን እንዳለ ነው።

«አለ» አለች ዞር ብላ። «ለልጆቹ ይበቃል። ጌታ ይመስገን፣ አለ።»

ይህን ስትል ሴቶቹ ትንፋሻቸው ተመለሰ። አንዷ አልቻለችም፦ «ታደለች፣ ሁለተኛ ጠባቂ ስትፈልጊ ጸሎተኛ አትያዢ!» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፦ «ምነው፣ ጋሼ እኮ ጉባኤ ሰብስበው ነበር። አብዝተው ጸለዩና ምእመኑን ራበው!» ታደለች ቀድማ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ።

የወደቀውን እሸት ለቀምን። እሳት ተቀጣጠለና ጠብሰን በላን። ሴቶቹ አቋርጠውት የመጡትን ጸሎት እዚያው ማማው ሥር ጨረሱ። ሲለያዩም ታደለች በቆሎዋን እስክትሰበስብ ድረስ የረቡዕ ጸሎት ማሳው ላይ ይሁን ተባባሉ። እኔንም አልለቀቁኝም፤ ማማው ላይ ቆሜ እየጸለይኩ ዓይኔን እንዳልጨፍን አዘዙኝ። ያን ሁሉ መዝሙር የሰማ ዝንጀሮ በዚያ ሰሞን ዝር አላለም። ታደለችም በቆሎዋን ቤቷ አስገባች።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስልኬን አጠፋለሁ፤ ልጄም ለምዳው ሹፌር አትልክም። ዝምታውንም አልጠላሁትም። ያን ዕለት የቀመስኩት ዕረፍት እውነት ነበር፣ አሁንም ቤቴ ውስጥ ስቀመጥ አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ሐሳቤ ሲባዝን ግን እንደ ድሮው ራሴን አልቆጣም፤ ወደመጣልኝ ሰው ስም እሄድና ስለ እሱ እጸልያለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጦብኛል። ድሮ ስጸልይ ራሴን የማየው በትልቅ በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር። ይሰማኝ ይሆን እያልኩ ነበር ቃል የማሳምረው። አሁን ያቺ ሴት በባዶ እግሯ ስትሮጥ ትታየኛለች። እሷ ሥራዋ ላይ ሆና አንድ ጆሮዋን ለኔ ትታ ከነበረ፣ የፈጠረኝማ እንዴት አይተውልኝ? በደከመኝ ጊዜ፣ ቃልም በጠፋኝ ጊዜ፣ «ምነው ዛሬ ድምፁ ጠፋ?» ብሎ የሚነሳልኝ አለ ብዬ አምናለሁ። ይህን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው።