ጃፓናዊው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠው ብልቃጥ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ማኪያቶዬን ገና አንዴ ፉት ከማለቴ እትዬ ጽጌ በባንኮኒው ላይ ጠጋ ብለው «አንተ ልጅ፣ ያ ያንተ ሰውዬ መተተኛ ነው!» አሉኝ።

«ያንተ ሰውዬ» የሚሉት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነው። የእኔ የሆነው በምን ኃጢአቴ መሰላችሁ... እንግሊዝኛውን የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ጽጌ እዚህ ፒያሳ፣ እኔ ከምሠራበት ወርቅ ቤት ጎን፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ካፌ አላቸው። ፊት ለፊት የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደንበኛው የትና የት ተበትኗል። ይቺ ካፌ ከተዘጋች ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ሰውየው ቅዳሜ ዕለት ገብቶ ቡና ጠጣ። ሲጨርስ ከቦርሳው አንድ ብልቃጥ አወጣ። ብልቃጡ ውስጥ ውሃ... ውሃው ውስጥ ደግሞ ካልሲ የመሰለ፣ የጠቆረ አሮጌ ጨርቅ! ከብልቃጡ ጋር አንድ የወየበ ወረቀት በላስቲክ ታስሯል። ከላይ ወደ ታች በማናውቀው ፊደል ተጽፎበታል።

«ሐረር ደርሼ ሐሙስ እመለሳለሁ። እባካችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡልኝ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩለት፣ ከደረቀ አበቃለት» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። እትዬ ጽጌ «ለእንግዳማ!» ብለው ተቀብለው ከኬኩ አጠገብ አኖሩት።

ወርቅ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የእናቱንም ቀለበት ሳይመዝን አያምንም። ነገሩ ያኔውኑ ከንክኖኝ ነበር።

«ሰኞ ወተቱ ተበላሸ። ዛሬ ደግሞ ይኸው ሦስት ሰዓት ሆኖ የገባው ሁለት ሰው ነው!» አሉ እትዬ ጽጌ። «ይሄ ገበያ መዝጊያ ነው። ወረቀቱንስ አላየኸውም? ክታብ እኮ ነው!»

ማረጋጋት ሲገባኝ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመርኩበት። «እውነትም... አንዷን መስመር ለብቻዋ በቀይ ነው የጻፋት።»

«በል ውሰድና ጣልልኝ!»

«እኔ? የጣለው ሰው ላይ ይዞራል ይባላል...»

እትዬ ጽጌ ፍሪጁን ከፍተው ብልቃጡን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞስ አደራ ነው። መተተኛም ቢሆን አምኖ ሰጥቶኛል። በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ልባል?» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ከጊዮርጊስ በጠርሙስ ጸበል ይዘው ደርሰዋል። «ውሃ ቀይሩ አይደል ያለው? እቀይርለታለሁ!» በስመ አብ ብለው የፊቱን ውሃ ደፉና ብልቃጡን በጸበል ሞሉት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጨርቁ ይጮህ እንደሆነ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ሐሙስም በጠዋት ደገሙለት።

ሐሙስ ከሰዓት ሰውየው መጣ። ብልቃጡን ሲያይ በረጅሙ ተነፈሰ። ጨርቁን አውጥቶ ጨመቀው፣ እጀታ ባላት ክብ ሽቦ ላይ ወጠረው፣ ከሐረር ያመጣውን የተፈጨ ቡና ጨመረበት። ከዚያ ፍል ውሃ ጠብ... ጠብ... ጠብ... ያደርግበት ጀመር።

ለካ የቡና ማጥለያ ነው!

ወረቀቱንም ዘርግቶ አሳየን። ጃፓን ያለው የራሱ ቡና ቤት ሜኑ ነው። አያታቸው በእጃቸው የጻፉት፣ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ መስመር ያልተቀየረበት። (ከዚህ ወዲያ አንቱ ነው የምላቸው፤ አፍሬያለሁ።) አራት ዓይነት ቡናና ዳቦ በቅቤ... በቃ፣ ሌላ የለውም። በቀይ የተጻፈችውን መስመር በጣታቸው ነክተው «ሐረር» ብለው አነበቡልን።

ጨርቁን የሰፉት ባለቤታቸው ናቸው። አምና አርፈዋል። ከሰፏቸው ውስጥ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። «የሜኑአችንን ቡና ካገሩ አምጥቼ፣ በእሷ እጅ ሥራ አጥልዬ ልጠጣ ብዬ ነው» አሉ። መንገድ ላይ እንዳትደርቅባቸው ፈርተው ነው ለእኛ የሰጡን።

ለእኛ! ስማችንን እንኳን ለማያውቁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቡናውን ቀመስ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቤቴም እንዲህ ጥርት ብሎልኝ አያውቅም። ጨርቋን በምን ውሃ ነው ያቆያችኋት?»

ለእትዬ ጽጌ ተረጎምኩላቸው። «የቧንቧ ነው በለው» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ «ተው ተው! የጊዮርጊስንማ አልክድም። እውነቱን ንገረው» አሉ።

«ከቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ የተባረከ ውሃ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ግንባራቸው ባንኮኒውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እንባቸውም መጣ። ለሟች ባለቤታቸው ክብር ያደረግነው መስሏቸዋል። እትዬ ጽጌም እያለቀሱ ብልቃጡን ለመንገድ እስከ አፉ ሞሉላቸው።

ለምን በጸበል እንደሆነ አልጠየቁንም... ቢጠይቁም እኔ የአስተርጓሚነት ሥራዬን ያኔውኑ ለቅቄያለሁ።