የእናቴ ነጭ ነጠላ

ሰው ሱባኤ የሚገባው ሰላም ፍለጋ ነው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን የገባሁት ጥያቄ ላለመጠየቅ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ወንድሜ ሞቷል ወይ? መልሱን አውቀው ነበር። እናቴም ታውቀው ነበር። አሶሳ ውስጥ ያልሰማ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገብቻለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰባት ቀን በአርምሞ እቀመጣለሁ፤ ሰላምም አገኛለሁ፣ ሙሉ ነው ባልልም። የሚያውቁኝ አሁንም ይስቁብኛል። ሃያ ዓመት አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስቆጣ ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ቆመው ያዳምጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልገባ ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አንቺ ሰባት ቀን ዝም ካልሽማ አባይም ወደ ላይ ይፈሳል" ብሎኝ ነበር። ዝም ማለትን ከወራት በፊት ጀምሬው እንደነበር አላወቀም።

ሕመሙ የጀመረው ግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ በምታህል እብጠት ነው። ደበቅኳት። ለምን ብባል፣ ፈራሁ፣ በቃ። ሎሚ ካከለች በኋላ ያገኘቻት እናቴ ናት፤ ልብስ ስቀይር ሳታንኳኳ ገባች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለችኝና ወጥታ ለወንድሜ ደወለች። ይህን ተረት የተናገረች ሴት ራሷ ምን እንደምትደብቅ ያኔ እሷም አታውቅም ነበር።

ወንድሜ ታናሼ ነው። በጭነት መኪና ከባምባሲና ከአካባቢው በቆሎ፣ ማንጎ፣ የተገኘውን ሁሉ እየጫነ ወደ መሀል አገር ያመላልስ ነበር። አላገባም፤ ሲጠየቅ "አንዷን እህቴን መቻል አቅቶኝ ሌላ ሴት ልጨምር?" ይላል። ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ስሄድ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ሄደ። የአክስታችን ልጅ ቤት አረፍን። ከመጀመሪያው ዙር ኬሞ በኋላ ሳስመልስ ሳፋውን የያዘልኝ እሱ ነው። ፊቱን አላዞረም። ጸጉሬ ትራሱ ላይ በእፍኝ በእፍኝ መቅረት ሲጀምር ምላጭ ይዞ መጣና ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ላጨኝ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየኝና "አሁን ገና አባታችንን መሰልሽ" አለ። ከታመምኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነበር።

ወደ ሥራው ቢመለስም ለሁለተኛውም ዙር መጣ። ለሦስተኛው ደወለና "ነቀምቴ የማራግፈው ጭነት አለኝ፤ ከዚያ ቀጥዬ ዓርብ አንቺ ጋ ነኝ" አለኝ። ዓርብ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። እሑድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከጓዳ ወጣችና፣ ዓይኖቿን ሽንኩርት ስትከትፍ እንደቆየች ሰው እየጠረገች፣ "ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል አሉ። ሸርቆሌ በኩል። ኔትወርክ የለም" አለችኝ።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ውሸት ውሸት ይመስላል። እኛ አገር አይመስልም። ስንት አስተማሪ ክረምት ሲመጣ ጠመኔውን ጥሎ ወርቅ ሊያጥብ ይሄዳል! ኔትወርክማ አሶሳ መሀል ተቀምጠንም ሳምንት ሙሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አመንኩ። እንዲያውም ተናደድኩበት፤ እኔ እዚህ ልሞት ደርሼ እሱ አፈር ሊያጥብ ሄደ ብዬ ለሁለት ወር ቂም ያዝኩበት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ሕክምናውን ጨርሼ ወደ አሶሳ ስመለስ እናቴ አየር ማረፊያ ጠበቀችኝ። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራለች። ቤት ገብተን እኔ የራሴን ሻሽ ስፈታ እሷም ቀስ ብላ ፈታች። ሹሩባዋ የለም። ሽበቷ ጣት እንኳ አይሞላም። ደንግጬ ሳያት "አንቺ ተላጭተሽ እኔ ጸጉሬን እየተሠራሁ ልኑር?" አለችኝ። ራሷን አቅፌ ሳምኳት። እናቴ ለእኔ ስትል ጸጉሯን ቆረጠች ብዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ። የሰማው ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ እኔ በፍቅሯ ተነክቶ መስሎኝ።

የነቃሁት በማንጎ ነው። በራችን ላይ ማንጎና ባሚያ የምታመጣ የበርታ ሴት አለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለሁሉም "አንተ" ናት። ያን ጠዋት ቅርጫቷን አወረደችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አስተማሪ፣ በጣም ከሳህ" አለች። "ብላ። ይሄ ከታች ካለው ዛፍ ነው። ወንድምህ ይሄን ነበር የሚወደው፣ አላህ የርሐሙ።"

እጇ ማንጎው ላይ ቀረ። ያቺ ምርቃት በሕይወት ላለ ሰው እንደማትባል፣ ክርስቲያንም ብንሆን፣ አሶሳ ያደግን ሁሉ እናውቃለን። እሷም እንዳወቅሁ አወቀች። "ጣፋጭ ይመስላል" አልኳት። ሦስት ማንጎ መረቀችልኝ፤ ቅርጫቷን ተሸክማ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ገብቼ የእናቴን ጸጉር አየሁ። እናት ጸጉሯን የምትቆርጠው ለማን እንደሆነ እየታወቀ እንዴት ሞኝ ሆንኩ? ምሳ እያቀረበች ነበር። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን "ልጅሽ ወርቅ አገኘ?" የሚል ነበር።

"ገና ነው መሰል" አለች። ወጡን መጨለፏን አላቆመችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ይህን አደረግሁ። ደወለ ወይ? ሲመጣ ቤት ይሠራልሽ ይሆን? እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ትመልሳለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። ለምን እንዳደረግሁት ልናገር፤ ከፊሉ ንዴት ነው። የወንድሜን ቀብር ቀሙኝ፣ አፈር አልበተንኩበትም፣ ደረቴን አልመታሁለትም። መርዶ ለታማሚ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ደሟ ይመለስ፣ ትጠንክር፣ ከዚያ ሽማግሌዎች ገብተው ያረዷታል ተብሎ እንደተመከረ አልጠፋኝም። ሥርዓት ነው። ለሌላ ሰው ሲደረግ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ከንዴቱ የሚብሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ሞቷል ወይ ብዬ ከጠየቅኩ ቀጥሎ መቼ እላለሁ፤ መቼ ካልኩ ወዴት ሲሄድ እላለሁ። ዓርብ እመጣለሁ ያለው ለእኔ ነው።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምግብ አስጠላኝ። ቁስሌ የደረቀበት ቦታ ሌላ እብጠት የወጣ እየመሰለኝ ቀን በቀን እዳብሰዋለሁ። እናቴ ናት ሱባኤ ግቢ ያለችኝ። "ዕረፍት ታገኛለሽ" አለች። ደስ አለኝ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ፊቷን ሳላይ፣ ዝም ማለቴም ኃጢአት ሳይሆን ጽድቅ ሆኖልኝ።

ጸበሉ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስገባል። የሴቶቹ ማረፊያ ከቀርከሃ የተሠሩ ትናንሽ ጎጆዎች ናቸው፤ አጥሩም ቀርከሃ ነው። የሚያስተናግዱን እማሆይ አጭርና ቆፍጣና ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ተቀበሉኝና ደንቡን ነገሩኝ፤ ንግግር የለም፣ በምልክትም ቢሆን ወሬ የለም፣ ስልክ እሳቸው ጋ ይቀመጣል። ቤተሰብ ስንቅ ሲያመጣ በር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። የምውጠውን ክኒን አውጥቼ ሳሳያቸው ይከለክሉኛል ብዬ ነበር።

"በሰዓቱ ዋጪ" አሉኝ። "በጸበሉ አወራርጂው። እግዚአብሔር በሐኪም አይቀናም።"

ዝምታ ሰላም ይሰጣል ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አያውቃቸውም። አፌ ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ተከፈተ። ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተጣላሁ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ተጣላሁ። ወንድሜንም ሰደብኩት፤ በአውሮፕላን ብትመጣ ምን ነበረበት፣ ጭነቱ ቢቀርብህስ አልኩት። ስግደት ላይ ግንባሬ መሬት ሲነካ ምላጩን ራሴ ላይ ይሰማኛል። በአራተኛው ቀን ስድቡ አለቀ። ከስድቡ ሥር የነበረው ብቻ ቀረ፤ በእኔ ምክንያት ሞተ የሚለው። ለሰባት ቀን መደበቂያ ይሆነኛል ያልኩት ዝምታ አልደበቀኝም። የሚያወራኝ ሰው ስለሌለ የምሸሽበትም አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ከጸበሉ ተመልሼ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ረፋድ ነው። በቀርከሃው ክፍተት መንገዱ ይታያል። ጥቁር የለበሰች አሮጊት ስንቅ ይዛ ዳገቱን እየወጣች ነው። ምስኪን፣ የማን እናት ናት አልኩ። ከአጥሩ ወደዚያ ካለ ዛፍ ሥር ስትደርስ ቆመች፤ ግራ ቀኝ አየች። ጥቁር ነጠላዋን አወለቀችና በጥንቃቄ አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ከዚያው ፌስታል ነጭ አውጥታ ለበሰች። ፊቷን በነጩ ጫፍ ጠረገች፤ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ በሩ መጣች። እናቴ ነበረች።

አስር እርምጃ አይሞላም በመካከላችን። ልጣራ ብል የአምስት ቀን ዝምታዬ ይፈርሳል፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያስቆመኝ እሱ አይደለም። አፈርኩ። ይህቺ ሴት ልጇን ቀብራ፣ እኔ ወዳለሁበት በገባች ቁጥር ሐዘኗን በር ላይ አውልቃ ትገባለች፤ ስትወጣ ትለብሰዋለች። እኔ ደግሞ ምሳ እያቀረበችልኝ ወርቅ አገኘ ወይ እላታለሁ። ያመጣችውን ድንችና ቆሎ በር ላይ አስቀምጣ፣ እማሆይን እጅ ነስታ ተመለሰች። ዛፉ ሥር ስትደርስ እንደገና ቆመች። ሁለተኛውን ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ።

ያን ቀን የምጣላው ሰው አጣሁ። ሐሙስን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ነገር አልተናገረም። ፍርሃቱ አልሄደም፣ ጥፋተኛነቱም እዚያው ነበር፤ ግን ምን እንደማደርግ አውቄ ነበርና ተኛሁ። ከወራት በኋላ እስኪነጋ የተኛሁት ያኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሱባኤዬን ፈጸምኩ። እማሆይ "ይቀበልልሽ፣ አሁን መናገር ትችያለሽ" ብለው ስልኬን መለሱልኝ። እናቴ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በነጭ ነጠላዋ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"እንዴት ሰነበትሽ ሆዴ? አልደከመሽም?" አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፄ ሻክሮ ወጣ። "እማዬ፣ ጥቁርሽን ልበሺ" አልኳት።

"የምን ጥቁር?" አለች፤ እጇ ግን ፌስታሉን ጨበጠው።

"ረቡዕ በአጥሩ አይቼሻለሁ። ከዚያም በፊት አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ወር ሆነኝ።"

ቆጠረች መሰለኝ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ሦስት ወር ሙሉ፣ ወርቅ አገኘ ወይ ስትዪኝ..." ብላ አልጨረሰችውም።

"አዎ። እያወቅሁ ነው። ይቅር በይኝ እማዬ።"

 ደግሜ ዝም ብል ከዚያ በኋላ በሕይወቴ እንደማልጠይቅ ስላወቅሁ ጠየቅኳት። "ወደ እኔ ሲመጣ ነው?"

ትዋሻለች ብዬ ነበር። እንድትዋሽም የፈለግሁ ይመስለኛል።

"አዎ" አለች። "ነቀምቴ አራግፎ፣ ወዳንቺ ሲመጣ ነው። የደበቅንሽ ይሄን ነው እንጂ ሞትማ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ሁሉም ሟች ነው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንቺን ብሎ ሄደ። አንቺም ብትሄጂብኝ እሱ ምን ላይ ይቆጠርለታል?"

ፌስታሉን ፈታችና ጥቁሯን አወጣች። ነጩን ከትከሻዋ ተቀብዬ አጠፍኩላትና ፌስታሉ ውስጥ ልከተው ስል እጄ ሌላ ጨርቅ ነካ። አወጣሁት። ሌላ ጥቁር ነጠላ ነው፤ አዲስ፣ እጥፋቱ ያልተፈታ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለች። "ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ።"

ራሷ አለበሰችኝ።