ገንዘብ አይሞትም ያልኳት ሴት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወርቁ ወንበር እንኳ አልሰጡኝም። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የባንክ ወኪል ነበሩ። ከዱቄትና ከስኳር ሱቃቸው ጥግ በሽቦ የታጠረች መስኮት ነበረቻቸው፤ እኔ ከመስኮቷ ኋላ ቆምኩ። «ሰናይት፣ ስትቀበዪ ዓይንሽ ኖቱ ላይ፣ ስትሰጪ ዓይንሽ ሰውየው ላይ። ቁጭ ያለ ሰው ይዘናጋል» አሉኝ። እስኪመሽ ቆሜ ዋልኩ።

በዚያ ሳምንት ኖት በጣት ዳብሶ መለየትን፣ ወደ ብርሃን ይዞ የውስጡን ምስል ማየትን፣ ኪታምቡሊሾ የሚሉትን መታወቂያ ከባለቤቱ ፊት ጋር ማስተያየትን ተማርኩ። ወር ሳይሞላኝ ባንክ ቤቱን የመሠረትኩት እኔ መሰልኩ። ሂሳብ ሊከፍት የመጣውን ሁሉ ምክር ሳልሰጥ አልሸኝም ነበር።

አኮ ጡሜ የመጣችው ድርቁ የጸና ጊዜ ነው። አኮ ማለት በቦረናዎቹ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከከተማው ውጭ ካለው ከጎልቦ ሜዳ የግመል ወተት በጀሪካን እያመጣች ትሸጣለች። አማርኛዋ የገበያ ነው፣ አንቱታ የለበትም፤ እኛም አንቺ እየተባባልን ተላመድን።

«አራት ላም ቀረ። ሳር የለም። ልሽጥ? ልተው?» አለችኝ።

«ሽጪ» አልኳት። «ላም ይሞታል፣ ገንዘብ አይሞትም። ዝናብ ሲመጣ ጊደር ትገዢበታለሽ።»

ሸጣ ገንዘቡን ሂሳብ ልታስገባ ተመለሰች። ግን ሰልፉ እስከ መንገድ ወጥቶ ነበር፣ የሂሳብ መክፈቻው ቅጽ ደግሞ ረጅም ነው። «ሌላ ቀን ነይ» ብዬ ሸኘኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ መፍሰሱን እንኳ አላወቅኩም።

ጡሜ ሌላ ቀን አልመጣችም። ወተቱ ነጠፈ፣ እሷም ከገበያ ቀረች።

ከዚያ ኬንያ ኖቶቿን ቀየረች። አሮጌው ባለ አንድ ሺህ ሺሊንግ ሴፕቴምበር ካለቀ በኋላ አይሠራም ተባለ። ማስታወቂያውን መስኮቴ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ለሳምንታት ከሥሩ ስሠራ ቆይቼ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አኮ ጡሜ ትዝ አለችኝ። የአራት ላም ዋጋ በሺህ በሺህ ኖት ጎልቦ ተቀምጧል።

ጋሽ ወርቁን ፈቃድ ጠየቅኩ።

«እኔ ወኪል ነኝ ወይስ ነፍስ አባት?» ብለው ተቆጡ። ወዲያው ኪሳቸው ገቡና የፒኪፒኪ ኪራይ ሰጡኝ። «ሂጂ። መስኮቱ ላይ እኔ እቆምልሻለሁ።»

ፒኪፒኪ በሚሉት ሞተር ሳይክል አቧራ ስጠጣ ሄጄ ከጎጆዋ ደጃፍ አገኘኋት። ያመጣኝን ነገር ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ለካ ከእኔ በፊት ነጋዴዎች ደርሰዋል፤ አሮጌውን ሺህ በስድስት መቶ እንግዛ እያሉ በየመንደሩ ይዞራሉ።

«አንቺም ስድስት መቶ ልትሰጪ ነው?»

«አይደለም አኮ። ባንክ ሺውን በሺህ ይቀይራል።»

«ገንዘብ አይሞትም ያልሽ አንቺ ነሽ። ይሄው ሊሞት ነው።»

አፈርኩ። ተሳስቼ ነው አልኳት፤ የዚያን ቀንም ሰልፍ ሰልችቶኝ እንደመለስኳት ተናገርኩ። ከዚያ ገብታ ከተሸመነ የወተት ዕቃ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጉያዋ ከተተችው።

«አብረን እንሄዳለን። አንቺ አትይዢውም» አለች።

ሞያሌ ተመልሰን ዋናው ባንክ ደጃፍ ተሰልፈን ዋልን። ተራችን ሲደርስ ገንዘብ ተቀባዩ ኖቶቹን አንስቶ አሸተተና ሳቀ፤ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ጢስ ይሸቱ ነበር። አንድም ሳያጎድል አዲስ ሺህ ቆጠረላት። እሷ ሳትሆን እኔ አለቀስኩ።

«ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞሽ አይዞሽ እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ አንዱን አዲስ ኖት ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይሄስ መቼ ነው የሚሞተው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ አኮ።»

«ሳሳ ዱጋ ነው» አለች፤ አሁን እውነት ተናገርሽ ማለቷ ነው።

ዝናቡ እየቀረበ ስለነበር በግማሹ ጊደሮች ልትገዛ ወሰነች። ግማሹን ሂሳብ ውስጥ እንዳስገባላት ፈለገች። አዲሶቹን ኖቶች የጠቀለለችበትን ጨርቅ ከጉያዋ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። መስኮቴ ጋ ሄደን፣ ከኋላችን ሰልፈኛ እያጉረመረመ፣ ያንን ረጅም ቅጽ መስመር በመስመር ሞላሁላት። ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን ለእሷ ለቀቁላት።

ለምትተኩኝ የምለው ይህን ነው። በገንዘብ ሥራ ላይ ምክር መስጠት ቀላል ነው። ምክራችሁ ሲሳሳት የሰውየው ደጃፍ ድረስ ሄዳችሁ ተሳስቻለሁ ማለትም የሥራው ክፍል ነው።